የእኅታችን ቁስል ቁምጥና አይደለም

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ተከስተ፤ ጅማ።

ይህን የምጽፍልዎ እኅታችን የሻረግ በሐሰት ቁምጥና ይዟታል ተብላ ከማኅበርም ከቤቷም ልትወጣ ስለ ሆነ ነው። አስቀድሜ ግን ጤናዎ እንዴት ነው? ወባው ተወዎት ወይ? እትዬ ጽገረዳስ ከወለዱ ወዲህ በረቱ ወይ? እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና አለን፤ ደኅና ነን ለማለት ግን አልደፍርም።

የሻረግ ሆዷ በሰኔ እንደ ድሮው በደም ተቅማጥ ተነሣባት። በሦስተኛው ሳምንት ግራ ቅልጥሟ ላይ ትንሽ ብጉር ወጥታ ፈነዳች፤ ዳርና ዳሩ ሐምራዊ ሆነ። አንድ ጎረቤት ወጌሻውን ካሕሳይን አመጣ። ክፉውን ሥጋ ላውጣ ብሎ በምላጭ ፋቀው፤ በአራት ቀን ቁስሉ እጥፍ ሆነ። ደግሞ ፋቀው፤ ደግሞ ሰፋ። ቁስሉ እንዳይነካ ያን ጊዜ የሚሲዮኑ ሐኪም ማዘዛቸውን እያወቅሁ፣ ሽማግሌውን አፍሬ ሁለት ጊዜ ዝም አልሁ፤ ይህ የራሴ ጥፋት ነው። በሦስተኛው በሩ ላይ ቆሜ መለስሁት። «ፊደል ቆጥራ ሐኪም ሆነች!» እያለ ሄደ። ይሂድ! ከዚያ ወዲህ አፍልቼ ባቀዘቀዝሁት ውሃ ብቻ አጥበዋለሁ፤ አልሰፋም።

በጥቅምት ቂርቆስ ማኅበር ላይ ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ የማኅበሩ አለቃ ሙሴያችን አቶ ወልደአረጋይ ከየሻረግ እጅ ነጥቀው ለቀጣዩ ሰጡት። ጣቷ እስኪረግፍ እንጠብቅ ወይ አሉ። እኔም ቁምጥና የያዘው ሥጋ እሳት ቢነካው አይሰማውም፣ የእርሷን ግን ቀሚሷ እንኳ ሲነካው ትጮኻለች ብዬ መለስሁ። «ልጄ፣ መጽሐፉን ትተሽ ባል ፈልጊ» ብለው ሰውን አሳቁብኝ። ቀጥለውም እስከ ኅዳር ቂርቆስ የሐኪም ወረቀት ካላመጣችሁ ስሟን በካዛንችስ በኩል ላለው ለጣሊያኑ የጤና ሹም እሰጣለሁ አሉ። እርሱ የሚወስደውን ሰው ደግሞ ተመልሶ ያየው የለም። አገር ሲወሰድ አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠ ሰው፣ የታመመች ልጅ አሳልፎ ለመስጠት ቀና አለ!

እርስዎም ባለፈው ከቤት አታውጪያት ብለው መጻፍዎ አሳዝኖኛል። ታላቄ ነዎትና አከብርዎታለሁ፤ በዚህ ግን አልታዘዝዎትም። ያልበደለች ሰው ለምን ትደበቅ? ባለፈው እሑድ እንኳ በዱላ ተደግፋ ከእኔ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሳመች።

የሚሲዮኑ ሐኪም በ፲፱፻፳፯ የጻፉላት ወረቀት በእርስዎ ሣጥን ውስጥ ነው። ሆዷ ሲደማ እግሯ ይቆስላል፣ ሆዷ ሲሽር እግሯም ይሽራል፣ ቁስሉ አይቆረጥ፣ ሥጋ ደዌ አይደለም ይላል። ሐኪሙ በጦርነቱ ጊዜ አገር ለቀው ስለ ሄዱ ሌላ ምስክር የለንም።

ለእትዬ ጽገረዳ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ። አዲሱን ሕፃንና ልጅዎን እጸገነትን ይሳሙልኝ። የሻረግ እጅ ነሥታለች፤ ስለ እኔ አይጨነቁ በይልኝ ብላለች፤ እኔ ግን ይጨነቁ እላለሁ።

ይህን ደብዳቤ የያዘው የሰንጋ ተራው ነጋዴ ጦይብ ነው፤ ጅማ ሦስት ቀን ሰንብቶ ይመለሳል። ወረቀቱን በእርሱ እጅ ይላኩልኝ፤ ከኅዳር ፲፬ ቀን ሳያልፍ እጄ ይግባ። ምክር አይላኩ፤ ወረቀቱን ብቻ።

እኅትዎ አይናለም
አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ
ጥቅምት ፳ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.