ዕቃህን ይዘህ ውጣ

ሰኞ
ለሰው የሚነገር አይደለም፤ ዛሬ በሳቅ ቀሚሴን አረጠብሁ። በዚህ ዕድሜዬ! እስኪደርቅ ጆንያ ጭኔ ላይ ጥዬ ስጠግን ዋልሁ። ጥፋቱ የአያ ሙላት ነው። ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ እዚህ ግቢ ውስጥ አብረን የሰሊጥ ጆንያ እንጠግናለን። በጎረምሳነቱ፣ በደርግ ጊዜ፣ አዲስ አበባ ዓለም በቃኝ ታስሮ ነበር። ያን እስር ቤት ሲያወራው ሠርግ ቤት ይመስላል። የዛሬውማ! ጠባቂው «ዕቃህን ይዘህ ውጣ!» ካለ ወይ መፈታት ነው ወይ መገደል። አንዱ ተጠራ። መሞቴ ነው ብሎ ጫማውን፣ ሹራቡን፣ ሱሪውን ለጓደኞቹ አደለ። ለካስ ተፈትቷል! በሙታንታ ቤቱ ገባ።

ማክሰኞ
ግቢው አብዷል። ተሸካሚው ጌትነት ሽንት ቤት የቆየውን ሁሉ «ዕቃህን ይዘህ ውጣ!» ይላል። አያ ራሱ ስቋል። «ለአያስ ብትለው?» ያልሁት እኔ ነኝ። ይቺ ምላሴ!

ረቡዕ
ጠዋት አያ ሳይነሣ ጌትነት በሩን በእርግጫ ደበደበ። ድምፁን አወፍሮ፣ «ሙላት! ዕቃህን ይዘህ ውጣ!»
እኛ ከጆንያው ክምር ጀርባ አፋችንን ይዘናል።
ቆየ። በባዶ እግሩ፣ በካናቴራ ወጣ። ብርድ ልብሱን አጥፎ አልጋው ላይ ትቶታል። ማንንም ሳያይ፣ «ጫማው ለጌትነት፤ የጆንያው መርፌ ለጥሩዬ» አለ። ጥሩዬ እኔ ነኝ።
ጌትነት መሬት ላይ ተንከባለለ፦ «ሙታንታው ቀረ እኮ፣ አያ!»
አያ አልሳቀም። ሱሪው ረጥቧል።

ሐሙስ
በሩን ዘግቷል። በቀዳዳው ይቅርታ ጠየቅሁት።
«ያ ሰውዬ ቤቱ አልገባም» አለኝ። «መጨረሻውን ያበጀሁለት እኔ ነኝ። ሹራቡን ሁለት ክረምት ለበስሁት።»


ዓርብ
ጫማውን ከጌትነት ቀምቼ ከመርፌው ጋር በሩ ላይ አስቀመጥሁ። አልነካውም። ያቀረብሁለትን ፉልና የውሃ ጣሳም አልነካም።
ከሰዓት ጆንያ ሊወስዱ ሰዎች መጡ። ጌትነት አዲሱን ቀልድ አወራላቸው፤ ሽማግሌው በካናቴራ እንዴት እንደወጣ፣ ሱሪው እንዴት እንደሆነ። ግድግዳው ቆርቆሮ ነው፤ አያ ይሰማል። «ዝም በል!» ልል አፌን ከፈትሁ፤ ሳቅ አመለጠኝ። እኔ፣ ሰኞ ጆንያ ጭኔ ላይ የጣልሁት!

ቅዳሜ
የውሃው ጣሳ ወደ ውስጥ ገብቷል። ተመስገን። ጫማው ግን እዚያው ነው፤ አቧራ ለብሷል።
ነገ ከቤተክርስቲያን ስመለስ አየዋለሁ። ጫማው ገብቶ ከሆነ እጽፈዋለሁ። ካልገባም፣ ጌትነት ቀልድ ሳያደርገው እጽፈዋለሁ።