ስኳር ብቻውን አይገባም

ሰኞ
በዛሬው ዕለት የሻይ ማንኪያዬ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይታለች። ከወገቧ ለሁለት። ሥርዓተ ቀብሯ በቆሻሻ ቅርጫት ተፈጽሟል። ሐዘንተኛ፦ እኔ ብቻ። ከደብረ ብርሃን ተመድቤ አጋሮ ከመጣሁ ወዲህ ቤቴ የገባ ሰው የለም። መምህራን ማረፊያ ሰላምታዬን አዳርሳለሁ፤ ከዚያ ወሬው በኦሮምኛ ይቀጥላል፣ እኔም የገባኝ መስዬ ፈገግ እላለሁ።

ማክሰኞ
አሥራ አንደኛ ክፍል፣ የሕዋስ ሽፋን። ሽፋኑ ስብ ነው፤ ስኳር አያሳልፍም። በሩ ፕሮቲን ነው፤ ወደ ውጭ ተከፍቶ ይቀበላል፣ ይዘጋል፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ተከፍቶ ይለቃል። በሁለቱም በኩል በአንድ ጊዜ አይከፈትም። የአንጀቱ በር ደግሞ ኩሩ ነው፤ ስኳርን ብቻውን አያስገባም። ከጨው የሚገኘው ሶዲየም አብሮት መምጣት አለበት። ሁለቱ ሲገቡ ውሃም ይከተላቸዋል።

«ቲቸር፣ ሶዲየም ከሌለስ?» አለች ሀያት ከፊት ወንበር።

«ስኳሩ ውጭ ቆሞ ይቀራል።»

«እንደ ቲቸር!» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። መልሱ ትክክል ነበር፤ ማርክ ግን አልሰጠሁትም።

ረቡዕ
ያልታጠበ ማንጎ በልቼ (የባዮሎጂ መምህርት ነኝ) ከንጋት ጀምሮ ሽንት ቤት ተመላለስኩ። ለርዕሰ መምህሩ አሞኛል ብዬ ደውዬ ቀረሁ። እንዴት ነሽ ብሎ የደወለ ማንም የለም። አፌ ደርቋል፤ ስነሳ ያዞረኛል። ፋርማሲ ድረስ እግሬ እሺ አላለም። ባዶ ውሃ አልበጀኝም። መድኃኒቱን አውቀዋለሁ፦ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ ስኳር፣ ጨው። ስኳር አለ። ጨው የለም፤ ሆቴል የሚበላ ሰው ጨው ምን ያደርግለታል?

የአከራዬ የእማማ ፋጡማ በር ከበሬ ፊት ለፊት ነው። ለወሬ አንኳኩቼው አላውቅም። ግድግዳ እየያዝኩ፣ ኦሮምኛዬን እየተለማመድኩ ግቢውን አቋረጥኩ።

«ሶጊዳ ናፍ ኬና።»

«ጨው ነው?» አሉኝ፣ ከእኔ በተሻለ አማርኛ። «ያ አላህ፣ ፊትሽ ምን ሆኖ ነው አመድ የመሰለው? እኔ እኮ ሰው የማትወጂ መስሎኝ!»

«እኔ ደግሞ እርስዎ...»

«ዝም በይና ግቢ ቤትሽ።»

ጨውን ራሳቸው ይዘው ተከተሉኝ። በጥብጠው፣ እየተቆጡ፣ ጥቂት ጥቂት አጠጡኝ። ውሃው ሆዴ ውስጥ ቀረ። ሲወጡ፣ «ዳግም ብትታመሚ ብቻሽን ተኝተሽ ባገኝሽ!» ብለው ዛቱብኝ። ደስ የሚል ዛቻ ነበር።

ዓርብ
ድኛለሁ፤ አስተምሬ መጣሁ። መምህራን ማረፊያ ዛሬም ወሬው በኦሮምኛ ነበር። አንዲት ቃል ያዝኩ፦ ሶጊዳ። ስለ እኔ ይሁን ስለ ወጥ አልተረጋገጠም።

እርማት፦ በረቡዕ ማስታወሻ «የደወለ ማንም የለም» ተብሎ የሰፈረው ስህተት ሆኖ ተገኝቷል። ስልኬ ለርዕሰ መምህሩ ከደወልኩ በኋላ ባትሪ ጨርሶ ነበር። ዛሬ ቻርጅ ሲደረግ የረቡዕ ያመለጠ ጥሪ በመልእክት ተመዝግቦ ታይቷል፣ ያውም ከአንድ ቁጥር ደጋግሞ። የማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ከርዕሰ መምህሩ በቀር የማንንም ስልክ ቁጥር ተቀብዬ አላውቅምና። መልሶ የመደወሉ ጉዳይ በጥናት ላይ ነው።