ቃሬዛው መድረክ ላይ፣ ምጧ አርዲቦ ዳር

ለተከበሩ የበጎ ፈቃድ ክበባት አባላት ማጠናከሪያና ተሳትፎ ማሳደጊያ አስተባባሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ አላህ ለእርስዎ ሙሉ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ ለወንበርዎም ጽናት እንዲሰጥልኝ እመኛለሁ። እኔ ዋሲላ ሀሚዱ፣ በሐይቅ ከተማ ልብስ በመስፋት የምተዳደር፣ በእርስዎ ፊርማ እስከተሰናበትኩበት ቀን ድረስ የቃሬዛ ክበባችን ጸሐፊ የነበርኩ ሴት ነኝ። ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ በመዝገብ ቤትዎ በኩል የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች መንገድ ላይ ሳይደክማቸው እንዳልቀረ በመገመት ነው።

ምናልባት ለማወቅ ጊዜ አጥተው ከሆነ፣ ክበባችን የተቋቋመው ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ያሉት መንደሮች መኪና ስለማይገባባቸው ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ሽታው የሚባል ገበሬ፣ ጎረቤቱ በምጥ ላይ ሳለች መንገድ ላይ ስትሞት አየ። በሳምንቱ ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና ተሸክሞ ሱቄ መጣና "እቴ ዋሲላ፣ ሸራ ስፊበት፤ ሰው የሚችል ይሁን" አለኝ። ሰፋሁለት። እስላሙም ክርስቲያኑም ተራ ገባ፤ አሥራ ስድስት ሆነን ሠላሳ ስምንት እናቶችን እስከ አስፋልቱ አወረድን። ስልክ ሲደወል በቅርብ ያለው ይመጣል፣ ይሸከማል፣ ወደ እርሻው ይመለሳል። ሌላ ሥርዓት አልነበረንም።

ከዚያ እርስዎ ሊያጠናክሩን መጡ። ስለዚህ የሚገባዎትን ምስጋና በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. አባላት ስላበዙልን እናመሰግናለን። አሥራ ስድስት ብቻ መሆናችንን ሲሰሙ አዝነው፣ እያንዳንዳችን ሃያ ሃያ ሰው እንድናስመዘግብ አዘዙ። ሽታውም የደረሰ ጤፉን ትቶ ቤት ለቤት ስም ሲለቅም ሰነበተ። በመጨረሻም በመዝገብዎ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሆንን። ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ ሞተዋል፤ አንደኛውን ወደ መቃብር የሸኘሁት እኔው ስለሆንኩ እርግጠኛ ነኝ።

፪. በአንገት ስለሚንጠለጠለው ባጅ እናመሰግናለን። ተሸካሚው ባጎነበሰ ቁጥር የታማሚዋ ፊት ላይ ስለሚወዛወዝ ኪሳችን ውስጥ ብንከተው፣ "የክበቡን ገጽታ ማደብዘዝ" ብለው ማስጠንቀቂያ ጽፈውልናል። ደብዳቤው በእውነት በሚያምር ወረቀት ነው የመጣው።

፫. በጥቅምት ወር በከተማው አዳራሽ ስላዘጋጁልን የአባላት ተሳትፎ ማጠናከሪያ ሥልጠና ምን ብዬ እንደማመሰግንዎ አላውቅም።

ዋዜማውን ሽታው መጥቶ "መቅዲ ቀኗ ደርሷል፤ ቃሬዛውና አራት ሰው እንኳ መንደር ይቅሩ" አለኝ። መቅዲ ሚስቱ ናት። ጥያቄውን ጽፌ ቢሮዎ ድረስ በእጄ አመጣሁ፤ እርስዎም ቆመው ተቀበሉኝና "እንግዶች ይመጣሉ፤ ቃሬዛ የሌለው የቃሬዛ ክበብ ምን ይባላል?" አሉኝ። ያልመጣ አባል በፈቃዱ እንደለቀቀ እንደሚቆጠርም አስታወሱኝ። እኔም ይህንኑ ለሽታው ነገርኩት፤ ይህ የእኔ ጥፋት ነው፣ ከእርስዎ ጋር አልካፈለውም።

በማግስቱ ቃሬዛው ሪባን ታስሮበት መድረክ ላይ ተዘረጋ። ስልኮቻችን እንዳይረብሹ በር ላይ በጎድጓዳ ሳህን ተሰበሰቡ። አራት ሰዓት ከሩብ ላይ የሽታው ጎረቤት ባንቺአየሁ መደወል ጀመረች። አሥራ አንድ ጊዜ ደወለች፤ ሳህኑ ብቻ ሰማት። ከዚያ እስከ አስፋልቱ ሮጣ ወርዳ በባጃጅ መጣች። ዘበኛው ባጅ የሌለው አይገባም አላት። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ገፍታው ገባችና ከበሩ ላይ "ሽታው! መቅዲ እየደማች ነው!" ብላ ጮኸች።

ሽታው ተነሣ። እርስዎ በድምፅ ማጉያው ያሉትን አዳራሹን የሞላው ሰው ሁሉ ሰምቷል፦ "ወንድሜ ይቀመጡ፤ ለሻይ ስንወጣ ይሄዳሉ። አሁን የተሳትፎን ትርጉም እያየን ነው።"

"ጌታዬ፣ ሚስቴ ናት" አለ።

"ሥነ ሥርዓት!" አሉ።

ሽታው መድረኩ ላይ ወጣ፤ ሪባኑን በጥሶ ቃሬዛውን አነሣ። አብሮት ለዓመታት የተሸከመው ሐቢብ ሌላኛውን ጫፍ ያዘ። የቀረነው አሥራ አራታችንም ተከትለናቸው ወጣን።

መቅዲን ያገኘናት ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ነው። ሴቶቹ በብርድ ልብስ ሊያወርዷት ሞክረው፣ አቅቷቸው ከዛፍ ሥር አስተኝተዋታል። ስንወርድ እጇን ይዤ ነበር። "ዋሲላዬ፣ ልጄ አትንቀሳቀስም" አለችኝ። "ትንቀሳቀሳለች" ብዬ ዋሸኋት። ጤና ጣቢያ ስንደርስ አዋላጇ እናቲቱን አተረፈች፤ ልጅቷን ግን አልቻለችም። "አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ ኖሮ" አለችና፣ በተናገረችው የተጸጸተች ይመስል ፊቷን አዞረች። ሽታው ሕፃኗን በነጠላው ጠቅልሎ ወጣ።

፬. በዚያው ሳምንት በቢሮዎ የፌስቡክ ገጽ ላይ ስለወጣው ፎቶግራፍ እናመሰግናለን። ሽታው ሪባን በጥሶ ቃሬዛ ሲያነሣ ያሳያል፤ ከሥሩም "አባላት በተግባር ልምምድ በከፍተኛ ስሜት ሲሳተፉ" ተብሎ ተጽፏል። ስሜቱ ከፍተኛ እንደነበር እመሰክራለሁ።

፭. አሥራ ስድስታችንንም "ሥልጠና በማወክ" አሰናብተው፣ ቃሬዛውን በሦስት ቀን ውስጥ እንድንመልስ ስላሳሰቡን እናመሰግናለን። አንመልስም። ሸራውን እኔ ሰፍቼዋለሁ፤ ደሙንም እኔ አጥቤዋለሁ፣ ሙሉ በሙሉ ግን አልለቀቀም። ከፈለጉት አርዲቦ ድረስ በእግርዎ ወጥተው፣ መቅዲን አስፈቅደው ይውሰዱ።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ቁጣዬን በትሕትና መጠቅለል እስከዚህ ድረስ ነው የቻልኩት። እርስዎ ሰው ሲቆጥሩ አንዲት ሰው አመለጠችን። ይህን ለማለት ሌላ የአክብሮት ቃል ፈልጌ አላገኘሁም።

ያለንበትን ሁኔታ እንዲያውቁ ያህል፦ አሥራ ስድስታችንም አለን። ባንቺአየሁ ሰባት ሴቶች ይዛ ተጨምራለች። ባለፈው ሳምንት ከላይኛው መንደር አንዲት ልጅ እግር እናት ስናወርድ፣ መቅዲ ከቤቷ ወጥታ ከባሏ ፊት ለፊት ያለውን ጫፍ ያዘች። ሽታው "ገና አልጠናሽም" ሲላት "ዝም ብለህ ተራመድ" አለችው። ወንድ ልጅ ተወልዷል፤ እናቲቱም ደኅና ናት። ሽታው ያን ቀን ከጤና ጣቢያው አጥር ሥር ተቀምጦ አለቀሰ፤ መቅዲም አጠገቡ ተቀመጠች።

የማጠናከር ጥረትዎ ወደ እኛ መንደር ዳግመኛ እንዳይደርስ አጥብቃ የምትለምን፣ ጤናዎን ግን ከልቧ የምትመኝ፣

ዋሲላ ሀሚዱ
ልብስ ሰፊ፣ ሐይቅ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሐሙስ መኪናዎ ከአርዲቦ መንገድ ቦይ ውስጥ ገብቶ ገፍተው ያወጡልዎት ሰዎች ስማቸውን ሲጠይቋቸው ለምን ሳይነግሩዎት እንደተበተኑ መገረምዎን ሰምቻለሁ። ንቀት እንዳይመስልዎ፤ እንዳያጠናክሯቸው ፈርተው ነው።