ለባለቤቴ ዋጋቸውን ለሰጧቸው አሰልጣኝ

ለክቡር አሰልጣኝ ሀይለመለኮት
የ«ዋጋህን ዕወቅ» የኢንተርኔት ሥልጠና መሥራች፣ ሥራ አስኪያጅና ብቸኛ መምህር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ድምፅዎ ሳይዘጋ፣ ካሜራዎ ሳይደበዝዝ፣ ኔትወርክዎም እንደ እኛ ሳይቆራረጥ በሙሉ ጤና እንዲቆዩ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ደብረ ማርቆስ የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ስሜ የኔአለም ይባላል። እርስዎ እኔን ባያውቁኝም ባለቤቴን መምህር አንለይን ያውቋቸዋል፤ የሁለት ወር ጡረታቸውን ከፍለው «ዕውቀትህን በውድ ሽጥ» የተባለውን ሥልጠናዎን የተከታተሉት ሽማግሌ እሳቸው ናቸው። ይህን ደብዳቤ በግልጽ መጻፌም ሥልጠናው ቤታችን ያስገባውን በረከት ለብቻዬ ይዤ መቅረቱ ንፉግነት መስሎ ስለታየኝ ነው። እርስዎ በቪዲዮዎ እንደሚያደርጉት ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ባለቤቴ ከሥልጠናዎ በፊት በሰፈራችን የታወቁ አስታራቂ ነበሩ። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ጎረቤት በአጥር ሲካሰስ፣ ጋቢያቸውን ደርበው ይሄዱና አስታርቀው ይመለሱ ነበር፤ ምስኪን፣ ይህን ሁሉ ዘመን ውድ ሸቀጥ ተሸክመው በነጻ እንደሚያድሉ አላወቁም። እርስዎ ግን «በነጻ የተሰጠ ምክር አይሰማም፤ ዋጋህን ሦስት እጥፍ አድርግና ዝም በል» ብለው ዓይናቸውን ገለጡላቸው። የዜሮ ሦስት እጥፍ ስንት እንደሚሆን፣ የሒሳብ መምህር የነበሩ ሰው፣ ቀኑን ሙሉ ሲያስቡ ዋሉ።

፪. በመጨረሻ እንደ ምክርዎ ሁለት «ጥቅል» አዘጋጁ። የጎጃም ሰው ናቸውና ርካሹን «ሰም»፣ ውዱን «ወርቅ» አሉት። ሰም የገዛ ሰው ጉዳዩን ይሰሙለታል፣ ራሳቸውን ይነቀንቁለታል፣ አንድ ምሳሌም ይነግሩታል፤ የምሳሌውን ትርጉም የፈለገ ግን ወርቁን ይገዛል። የቴሌግራም ቻናልም ከፈቱ። የመጀመሪያዋ ተከታይ እኔ ነኝ። ሁለተኛዋም እኔው ነኝ፣ በሱቄ ስልክ።

፫. የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች ጎረቤቶቻችን ፍሥሐና ሚስቱ ብዙዬ ሆኑ። ፍሥሐ የወተት ላም ገዝቶ ስም ሲያወጣላት የአማቱን ስም ሰጣት፤ ጤናዬ አላት። «ለክብር ነው» ይላል። ብዙዬ ግን ባሏ ማለዳ ማለዳ «ጤናዬ፣ ወዲያ በይ፣ እግርሽን አንሺ» እያለ በእናቷ ስም ሲጮህ መስማቱን አልቻለችውም። ቤታችን መጡ። ባለቤቴ ሁለቱንም አዳምጠው ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «ልጆቼ፣ የዚህ ነገር መፍትሔ ቀላል ነው፤ አንዲት ቃል ናት» አሉ። ብዙዬ ዕንባዋን ጠረገች፤ ፍሥሐም ጆሮውን አቀና።

«ቃሏ ግን» አሉ ባለቤቴ፣ «ወርቁ ውስጥ ናት።»

ፍሥሐ ዋጋውን ጠየቀ። ባለቤቴ ተናገሩና እርስዎ እንዳስተማሯቸው ዝም አሉ። ፍሥሐም ዝም አለ። ብዙዬም ዝም አለች። «ከዋጋው በኋላ ቀድሞ የተናገረ ይሸነፋል» የሚለው ትምህርትዎ ሳይከፍሉ የደረሳቸው ይመስል ማንም መሸነፍ አልፈለገም። በመጨረሻ የተሸነፈችው ላሟ ናት፤ ከአጥር ወዲያ «እምቧ» አለች። ብዙዬም «ይኸው እናቴ ጠራችኝ» ብላ ነጠላዋን አንሥታ እናቷ ወዳሉበት ወደ ቁይ ሄደች።

፬. ላሟ ከብዙዬ እጅ በቀር አልታለብም ስላለች ሰፈሩ ወተት አጣ። እኔም ነገሩ ከንክኖኝ ባለቤቴን «ለመሆኑ ያቺ ቃል ምን ነበረች?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ስልካቸውን አዩ፤ አሰቡ፤ ከዚያም «ለቤተሰብ ቅናሽ አለ» አሉኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቃል አልተለዋወጥንም።

ተራ ቁጥሩን እዚህ ላይ ብተወው ይቅር ይበሉኝ፤ ከዚህ በኋላ የሆነው በቁጥር የሚሄድ አይደለም። ተጣልተን አናውቅም ማለቴ አይደለም፤ ተኳርፈን ስናድር ግን የመጀመሪያችን ነበር። የሰው ጠብ ሲያበርዱ የኖሩ ሰው የራሳቸውን የሚያበርድላቸው አጡ። ጎረቤት ደጃችን ድረስ ይመጣና «እኛ ያልሠለጠንን ምን ብለን እንገባለን» እያለ ይመለሳል። ባለቤቴ ሊናገሩ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ሲዘጉ አይ ነበር። አሳዘኑኝ። እኔም ግን መርፌዬ ላይ አቀርቅሬ መስፋቴን ቀጠልኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ብዙዬ እናቷን ይዛ ተመለሰች። እማማ ጤናዬ ቤት እንኳ ሳይገቡ «ስሜን የያዘችውን አሳዩኝ» ብለው ወደ በረቱ አለፉ። ላሟን ዞረው ዞረው አዩና «ዓይኗስ ያምራል፤ ደግሞ ከእኔ ዝምተኛ ናት» አሉ። ፍሥሐ እግራቸው ላይ ሲወድቅ ትከሻውን ይዘው አነሡት፤ የባልና የሚስቱ ጠብ በዚያው በረት ውስጥ አለቀ።

ቀጥለው እኛ ቤት መጡ። እኔንና ባለቤቴን ጎን ለጎን አስቀምጠው «እናንተስ ምን ሆናችሁ?» ሲሉን ሁለታችንም እንደ ልጅ እየተሻማን ተናገርን። ሳያቋርጡ ሰሙን።

«መምህር፣ ያቺ ቃል ምን ነበረች?» አሉ።

ባለቤቴ አንገታቸውን ደፉ። «ይቅርታ ናት» አሉ።

«ታዲያ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለሚስትህ ንገራት እንጂ።»

ወደ እኔ ዞረው ነገሩኝ። እኔም ያችኑ ቃል መለስኩላቸው።

ባለቤቴ ልማድ ሆኖባቸው «ምን እንክፈልዎት?» ቢሉ፣ እማማ ጤናዬ «ክፍያማ አለኝ፤ ስሜን መልሱልኝና ላሟ አንለይ ትባል። አንለይ ማለት አንለያይ ማለት አይደል? ለላምም ለባልም ይሆናል» አሉ። እንደተባለው ሆነ። አሁን ፍሥሐ ማለዳ «አንለይ፣ እግርሽን አንሺ» ሲል ባለቤቴ አልጋ ላይ እንዳሉ እግራቸውን ያነሣሉ።

ክቡር ሆይ፣ ጡረታቸውን ይመልሱልን ብዬ አላስቸግርዎትም፤ «ገንዘብ መመለስ ድክመት ነው» ብለው ስላስተማሩ፣ በእኛ ምክንያት ደካማ እንዲሆኑ ሕሊናዬ አይፈቅድም። ዋጋዎ ዘወትር ከፍ ከፍ እንዲል፣ ዕውቀትዎም ቀስ እያለ እንዲከተለው እየተመኘሁ፣ ከማይሸጥ አክብሮት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

የኔአለም
የአንለይ ባለቤት (የላሟ ባለቤት ጎረቤቴ ነው)
ደብረ ማርቆስ

ማስታወሻ፦ ባለቤቴን «ስኬታማ ሠልጣኝ» ብለው ከነስልክ ቁጥራቸው በገጽዎ ላይ ስለለጠፏቸው እናመሰግናለን። ትናንት በዚሁ ቁጥር አንዲት ጨዋ ሴት ደውለው ነበር፤ ባለቤትዎ ናቸው። ቤት ውስጥ ለሚጠይቁት ሁሉ «ሊንኩን ተጫኚ» እንደሚሏቸው አጫወቱን። ባለቤቴ ሰሙንም ወርቁንም በነጻ መክረዋቸዋል። ምን እንዳሏቸው መንገር የአስታራቂ ወግ አይደለም፤ ነገር ግን ማታ ሲገቡ በርዎ ላይ የመግቢያ ተመን ተለጥፎ ቢያገኙ አይደንግጡ። አዳር ከቸገረዎት ደብረ ማርቆስ ይምጡ፤ ሶፋችን አጭር ቢሆንም አያስከፍልም።