ሦስት ዓመት ማንም ያልጠየቀው መዝገብ

ለምወድህ፣ ለምናፍቅህ፣ ስልክ እየዘጋህብኝም ለማልጠላህ ለታናሽ ወንድሜ ለቀጮ፤

እንዴት ከረምክ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ የወገብ ሕመምህ ተወህ ወይስ አሁንም ከባድ ዕቃ ታነሳለህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ባለፈው በላክኸው ፎቶ ላይ የሸሚዝህ ኮሌታ ሁለት ጣት ያስገባል፤ ልብስ ሰፊ ነኝና እንዲህ ያለ ነገር አያመልጠኝም። እባክህ ብላ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እናታችን ጉልበቷ ቢያስቸግራትም አፏ እንደ ድሮው ነው፤ እሱን ምንም አላገኘውም።

ደብዳቤ መጻፌ እንዳያስደነግጥህ። የሞተም የታመመም የለም። በስልክ ስለ ፍርድ ቤት ባነሳሁ ቁጥር «አይሰማም፣ አይሰማም» እያልክ ስለምትዘጋብኝ ነው። ወረቀት ደግሞ አይዘጋም። ስለዚህ ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብበው። ነገሩ ደግ ነው፣ ከአሁኑ ልንገርህ።

ፍርድ ቤት ሄጄ ነበር።

አውቃለሁ፣ በቤታችን ይህ ቃል አይነሳም። የዳቦ ማመላለሻዋ መኪና ከእጅህ አምልጣ ጫማ ሰፊውን ከነወንበሩ ከገጨችው በኋላ፣ ምስክር ተሰምቶ ፍርድ የሚሰጥበት ቀጠሮ አንድ ቀን ሲቀረው እናታችን ሻንጣህን በገዛ እጇ አዘጋጅታ «ሂድልኝ፣ እስር ቤት ሳይህ እሞታለሁ» ብላ ሸኘችህ። ከዚያ ወዲህ መዝገብ የሚል ሰው በዚህ ቤት የለም። ጎረቤታችንም አባባሰው፤ ያ አንድም ቀን ሕግ ሳይማር ሰፈሩ ሁሉ «ጠበቃው» የሚለው ሰውዬ። መዝገቡን ሄዶ የጠየቀ ዘመድ ልጁን ካላመጣህ ተብሎ እዚያው ይያዛል አለን። እኛም አመንነው። ዝም ካልን ይረሱታል ብለን፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ትንፋሻችንን ውጠን ተቀመጥን።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ደንበኛዬ ቀሚስ ልታሰፋ መጥታ፣ እየለካኋት ስለ ቤት ክርክሯ ታወራኛለች። ፍርድ ቤቱን ከረገጠች ወር አልፏታል፤ ቀጠሮዋንም ትእዛዙንም በስልኳ ነው የምታየው። መዝገቡ ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል አለችኝ። የሌላ ሰውስ ይታያል ወይ አልኳት፣ ለነገሩ ግድ የሌለኝ መስዬ። ውሳኔ ከሆነ ለማንም ይታያል፣ በስልክ ያልሆነለት ደግሞ እዚያው አዳራሹ ውስጥ ለሕዝብ የተቀመጠ ኮምፒውተር አለ አለችኝ። ወገቧን ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ለካሁት። ምን እንደነካኝ ሳታውቅ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት ለእናታችን ክር ልገዛ ነው ብዬ፣ የድሮ መጥሪያህን ከሣጥኑ ሥር አውጥቼ ደረቴ ውስጥ ሸጉጬ ወጣሁ። በሩ ላይ ፈታሿ አስቆመችኝ። አለቀልኝ፣ ታወቅሁ አልኩ። ለካ ኮሌታዬ ላይ መርፌዎቼን እንደሰካሁ ነው የመጣሁት! ስድስቱንም አንድ በአንድ አስነቅላ በኩባያ አስቀመጠችና ስትወጪ ትወስጃቸዋለሽ አለችኝ። በመርፌ ነው እኮ ያስቆመችኝ።

አዳራሹ ውስጥ ሦስት ኮምፒውተሮች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ሰውን የምታግዝ መነጽሯን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት አለች። ለጎረቤቴ ነው የምጠይቀው ብዬ ልዋሽ ተዘጋጅቼ ነበር። ማን ነሽ የለ፣ ምኑ ነሽ የለ። የመዝገቡን ቁጥር ብቻ ጠየቀችኝ። በአንድ ጣቴ ቁጥሩን እየፈለግሁ መታሁት። መጀመሪያ የወጣው የቀጠሮዎቹ ዝርዝር ነበር። ከመጨረሻው ቀጠሮ አጠገብ «ተከሳሽ አልቀረበም» ይላል፤ ከሥሩ «ውሳኔ ተሰጥቶ መዝገቡ ተዘግቷል»። በቃ፣ ተፈርዶበታል አልኩ። ልወጣ ስነሳ ሴትየዋ እጄን ያዝ አደረገችኝ።

«ውሳኔውን ሳታነቢ ነው የምትሄጂው?»

እሷው ከፈተችልኝ። ቀጮ፣ በነጻ ተሰናብተሃል። ተከሳሹ ባይቀርብም የቀረበው ማስረጃ ጥፋተኛ አያደርገውም ይላል። የመኪና መርማሪው የፍሬኑ ቱቦ ከአደጋው በፊት ተበጥሶ እንደነበር አረጋግጧል። «ዘግይቼ ነው የረገጥኩት» እያልክ ራስህን የበላኸው በከንቱ ነው፤ አንተማ በጊዜው ረግጠሃል፣ የረገጥከው ግን ባዶ ነበር። ደግሞ ጫማ ሰፊው የተናገረው ቃል ውሳኔው ላይ ሰፍሯል፦ ልጁ መሪውን ወደ ግድግዳው ባይጠመዝዘው ኖሮ እግሬ ሳይሆን እኔው ነበርኩ የምሄደው ብሏል። በምርኩዝ ቆሞ እንደመሰከረልህም እዚያው ተጽፏል። እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ሴትየዋም ይህን መሰል ነገር የለመደች ናት መሰለኝ፣ ወረፋ ለያዘው ሰውዬ ትንሽ ይታገሡ ብላ ተወችኝ።

የቀረውንም ላንብብ ብዬ ነበር፣ የምስክሮቹን ሙሉ ቃል፣ ፎቶዎቹን፣ የጫማ ሰፊውን የሐኪም ወረቀት። አልከፈት አለኝ። እሱ ለባለጉዳዮቹና ለወኪሎቻቸው ብቻ ነው አለችኝ፤ የሰው የሕክምና ወረቀት መንገደኛ ሁሉ አያየውም። ልክ ናት። አንተ ግን ባለጉዳይ ነህ። ካለህበት ሆነህ በስልክህ የመዝገቡን ቁጥርና የመታወቂያህን ቁጥር ስታስገባ የይለፍ ቁጥር ይልኩልሃል፤ ከዚያ ሁሉንም ትከፍተዋለህ። የመዝገቡን ቁጥር ከፖስታው ጀርባ ጽፌልሃለሁ። ማኅተም ያለበት የውሳኔ ግልባጭም አብሮ አለ። እኔን ካላመንክ ማኅተሙን እመን።

ቤት ስገባ እናታችን ልብስ እያጠበች ነበር። አነበብኩላት። ሁለተኛ አንብቢው አለች፤ አነበብኩላት። ውሳኔው የተሰጠበትን ቀን ጠየቀችኝ። በሸኘሽው ማግስት ነው ስላት እጇን ከነአረፋው ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ለጫማ ሰፊው አንድ ሰው እንኳ እግዜር ይስጥልኝ አላለውም አይደል አለችኝና የጨመቀችውን ሳታሰጣ ወጣች። ከሰዓት በኋላ ነው የተመለሰችው፣ ዓይኗ አብጦ፣ ግን ፊቷ ፈክቶ። ምን እንደተባባሉ አልነገረችኝም።

አብሮህ ለሚኖረው ጓደኛህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ሲያምህ ስላስታመመህ እንደ ወንድሜ ነው የማየው። ባለቤቴ እንኳን ደስ ያለህ ብሎሃል። ልጄ አጎቴን በስልክ ብቻ ነው የማውቀው፣ ቁመቱ ምን ያህል ነው እያለች ታስቸግረኛለች። አጎታችን የአባታችሁን ጃኬት ብል ሳይበላው መጥቶ ይልበሰው ብሏል። «ጠበቃው»ም ሰላም ብሎሃል፤ በነጻ እንደሚለቀቅ እኔ ድሮም አውቅ ነበር እያለ ሰፈሩን እያዳረሰ ነው። ዛሬ አልተጣላሁትም።

እናታችን የራሷን ቃል እንዳለ ጻፊልኝ ብላኛለች። ስጨርስ አጠገቤ ቆማ እየጠበቀች ነው፦ «ሂድ ያልኩህ እኔ ነኝ። ና የምልህም እኔ ነኝ።»

ታላቅ እህትህ
ከእናታችን ቤት፣ ሐሙስ መጋቢት 14 ቀን