የአውራ ጣቴ ምስክርነት

ሰኞ

አባረሯት! እቴነሽን አባረሯት። አሥራ ስምንት ዓመት የሆቴሉን አንሶላ ያጠበችውን ሴት፣ ገና የሥራ ልብሷን ሳትለብስ፣ በር ላይ። ጥበቃው ፖስታ ሰጣትና "እቴቴ፣ እንዳትገባ ተብያለሁ፣ እኔን እንዳትቀየሚኝ" አላት። በቃ። ለአሥራ ስምንት ዓመት አንድ ፖስታ።

ደብዳቤውን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ታዲያ ማን ሊያነብላት ነው! ከኡራኤል እስከ ካዛንቺስ እኔ ያላነበብኩት ታፔላ የለም። የጥርስ ሐኪም፣ የሚከራይ ቢሮ፣ እዚህ መሽናት ክልክል ነው፣ ሁሉንም። አንዳንዱን ሁለቴ። የማታ መምህራችን "እጃችሁ እንዳይረሳ በየቀኑ ትንሽ ጻፉ" ስላለችን ይኸው ደብተር ገዝቻለሁ። ትንሽ ብላለች፤ እኔ ደግሞ ትንሽ የሚባል ነገር አላውቅም።

ይሄ በእኔና በደብተሩ መካከል ይቅር፦ ሆቴሉ ውስጥ ፊደል መማሬን የሚያውቅ ሰው የለም። ማታ ማታ እንግሊዝኛ እማራለሁ ብያቸዋለሁ። ስንት ዓመት ካንቲን ውስጥ ጋዜጣ ዘርግቼ የኖርኩ ሰው አሁን ሀ ሁ ጀመርኩ ልበል? አንድ ቀን ጋዜጣውን ገልብጬ ይዤው "አንገቴን እያፍታታሁ ነው" ብዬ ሁሉንም አስቄ አምልጫለሁ። ቀልድ ያልቻለ ሰው ምን ይውጠዋል።

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ በተደጋጋሚ አርፍዳለች፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል፣ አልታረመችም፣ ተሰናብታለች። አርፍዳለች! ካዛንቺስ የነበረው ቤቷ ሳይፈርስ በፊት ከደጇ እስከ ላውንደሪው አምስት ደቂቃ ነበር። እኛ ዓይናችንን ሳንገልጥ እሷ ማሽኑን አስነስታ ትጠብቀናለች። አሁን ከከተማው ዳር ሦስት ታክሲ ቀያይራ ነው የምትመጣው። ዮናስ ደግሞ እዚህ ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል። ዮናስ ማለት የሰው ኃይል ኃላፊያችን ነው። ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ይገባል። በእናቱ ዕድሜ ያለችን ሴት "አንቺ" ይላታል።

ዛሬ አንሶላ ለብቻዬ ሳጥፍ ዋልኩ። ላውንደሪ ያልሠራ ሰው ይሄ አይገባውም። የሆቴል አንሶላ ለሁለት ነው የሚታጠፈው። አንዱ ሁለቱን ጫፍ ይይዛል፣ ሌላው ሁለቱን፤ ወጠር ይደረጋል፣ ይገናኛሉ፣ ይለያያሉ። እኔና እቴነሽ ሳንነጋገር፣ ሳንተያይ እንኳን እናጥፋለን። ዛሬ አንዱን ወገን የበሩ እጀታ ላይ አስሬ ሞከርኩ። ሰው በሩን ከፈተው። አንሶላው መሬቱን ጠርጎ ተመልሶ ማሽን ገባ።

እኔ በሠራተኛ ማኅበሩ ውስጥ የላውንደሪው ተጠሪ ነኝ። በሥራው ሳይሆን በአፉ ነው የተመረጠው ይላሉ። እሺ። አፌን ያዩታል!

ማክሰኞ

የማኅበራችን ቢሮ ከደረጃው ሥር ያለች፣ ድሮ መጥረጊያና ባልዲ ይቀመጥባት የነበረች ክፍል ናት። ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው በር ላይ ቆሞ ይሰበሰባል። ሊቀመንበራችን ሰብለ ናት፤ ሪሴፕሽን ነው የምትሠራው። ልጅ ናት፣ ግን ስትቆጣ እኔም ኮቴን አስተካክላለሁ።

የቅሬታ ማመልከቻውን እኔ ጻፍኩት። ሰብለ "ጋሼ፣ ኮምፒውተር ላይ ልምታው፣ ይፈጥናል" አለችኝ። "የእጅ ጽሑፍ ክብደት አለው" አልኳት። ሁለት ሰዓት ፈጀሁ።

"ምነው ጋሼ፣ ድንጋይ ላይ ነው እንዴ የሚጽፉት?"

"ታሪክ ነው ልጄ፣ ታሪክ አይቸኮልም።"

ከሰዓት ኡራኤል ታክሲ ተራው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት እቴነሽን አገኘናት። ሆቴሉ አያስገባትማ። ነጠላዋን አጥብቃ ተቀምጣለች፣ ሻይዋን አልነካችውም። ሰብለ ነገሩን አስረዳቻት። በኅብረት ስምምነታችን መሠረት ያለ ጽሑፍ ማስጠንቀቂያ በማርፈድ ብቻ ሰው አይባረርም። ማንበብ ለማይችል ሠራተኛ ደግሞ ወረቀቱ ይነበብለታል። አስተዳደሮቹ ማስረጃ ካጡ ትመለሳለች። ካመጡ ግን አለቀ። አርብ የቅሬታ ኮሚቴው ይሰበሰባል።

"እውነቱን ይንገሩኝ እቴቴ፣ ማስጠንቀቂያ ተቀብለው ያውቃሉ?"

"የምን ማስጠንቀቂያ? እኔ አላነብም። ወረቀት ሲመጣ ሁሌም እዚህ የተቀመጠውን ደምሴን ነው የማሳየው። ቢኖር እሱ አይነግረኝም ነበር?"

ያኔ ነው ጠረጴዛውን የመታሁት። "እንዲህ ያለ ወረቀት ከተገኘ ያለ ውኃ እበላዋለሁ!" ሻይ ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ደስ አለኝ፣ ለደብተሬ ምን እዋሻለሁ።

ረቡዕ

ተገኘ።

ማመልከቻዬን ይዤ ዮናስ ጋ ገባሁ። ቁጭ በል እንኳን አላለኝም። አነበበው፣ ከመሳቢያው አንድ ኮፒ አውጥቶ ሰጠኝ። "ጋሽ ደምሴ፣ ይቺን ደግሞ እርስዎ ያንብቧት። አንባቢ አይደሉ!" ፈገግ አለ። ፈገግታው ያኔ አልገባኝም።

የኋላ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ፊደል በፊደል። የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። ስም፣ እቴነሽ። ከሥሩ የእቴነሽ አሻራ። ከዚያ በታች "ተነብቦላታል" ይልና፣ ምስክር።

ምስክር፣ ደምሴ።

ከስሜ አጠገብ አንድ አውራ ጣት። መሃሉ ላይ ሰያፍ የሆነ ባዶ መስመር አለው። ጣቴን አነሣሁና አስተያየሁት። ቄራ ሥጋ ቤት ስሠራ ቢላ የሰነጠቀኝ ጠባሳ ነው። እንዲህ ያለ ጣት ያለው ሌላ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ካለ ይምጣና ይውሰደኝ።

ትዝ አለኝ። ነሐሴ ነበር፣ የደንብ ልብስ የታደለ ቀን። ዮናስ ጠረጴዛ ላይ የልብሱ ካርቶን ተከምሯል፣ ወረቀት በወረቀት ላይ ነው። "ጋሽ ደምሴ፣ እርስዎ ያነባሉ፣ ለእቴነሽ ምስክር ይሁኗት" አለኝ። ወረቀቱን ተቀበልኩ። ዓይኔን ከላይ እስከ ታች አመላለስኩ፣ ከንፈሬን መጠጥኩ፣ ራሴን ነቀነቅኩ። ያውቅበታል ያስብላል። እቴነሽ "ምንድን ነው?" አለችኝ። ካርቶኑን አየሁ። "የልብስ መረከቢያ ነው፣ አንብቤዋለሁ፣ ጫኚበት።" ጫነች። እኔም "እጄን እንፋሎት አቃጥሎኛል፣ ብዕር አልይዝም" ብዬ አውራ ጣቴን ጫንኩ።

ዮናስ "የልብስ ነው" አላለም። "አይደለም"ም አላለም። ዝም ብሎ አየኝ። ያ ውሻ ዝም ብሎ አየኝ!

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ሰብለ ስትጠይቀኝ "ነገ እሰጣለሁ ብሏል" አልኳት።

ሐሙስ

በጣም ተናድጃለሁ። በዮናስ። በካርቶኑ። በዚያ በነቀነቅኩት ራሴ። ጠዋት ላንቻ ጋ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ "አባት፣ ጠጋ በሉ" ቢለኝ ጮህኩበት። ምን አደረገኝ፣ ምስኪን።

ያሰብኳቸው መፍትሔዎች፦
ወረቀቱን ማቃጠል። (ዋናው ዮናስ ጋ ነው ያለው፣ አንተ ሞኝ።)
መታመም።
አላስታውስም ማለት።
ወረቀቱን ቀይረውታል ብሎ መማል። ይሄኛው ጥሩ ነበር። ግን ከመማሌ በፊት አፌ ደረቀ።
አንድ ሌላም አለ። እሱን አልጽፈውም።

ምሳ ሰዓት ላይ እቴነሽ ደወለች። "ደምሴ፣ አንተ ካለህበት አልፈራም" ብላ ዘጋች። ጥርስ በጥፊ ከሚወልቅ ይሄ ይብሳል።

ሄጄ ወረቀቱን ሰብለ ፊት አስቀመጥኩት። በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። (እንዴት ነው እንዲህ የሚፈጥኑት?) ፊቷ ተለዋወጠ።

"አንብበው ነው የፈረሙት?"

ኮቴን አስተካከልኩ።

"ጋሼ! አንብበውላት ነው ወይስ ሳያነቡላት?"

"አልቻልኩም ነበር።"

"ምን? ጊዜ አጥተው?"

"ማንበብ። ማንበብ አልችልም ነበር በቃ! እንግሊዝኛ የምላችሁ ሀ ሁ ነው!"

ቁጭ አለች። "ይሄን ነገ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ካሉት እቴቴ ትመለሳለች። ካላሉት አትመለስም። እኔ ልናገርልዎት አልችልም" አለችኝ። በሯ ላይ ስደርስ ጠራችኝ። "ለስንት ዓመት ነው ግን እንዲህ ያሾፉብን?" አልሳቀችም።

አርብ

ከአስተዳደር ሦስት፣ ከማኅበሩ ሦስት። መሃል ላይ ሥራ አስኪያጇ። እቴነሽ ዳር ላይ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ።

ዮናስ ወረቀቱን አስቀመጠ። "ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል፣ ተነብቦላታል። ያነበቡላትም የራሳቸው የማኅበሩ ተጠሪ ናቸው። እኔ ምን አጠፋሁ?"

እቴነሽ ዞራ አየችኝ። ሰብለም አየችኝ። ተነሣሁ።

"አላነበብኩላትም። ማንበብ አልችልም ነበር።"

ዮናስ ሳቀ። "ጋሽ ደምሴ ቀልደኛ መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ጋዜጣ ይዘው አይደል እንዴ የሚውሉት?" ሁሉም ሳቁ። የእኛዎቹም ሳቁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ለማሳቅ ለፍቼ፣ አንድ ቀን የምሬን ስናገር ሳቁብኝ!

ከኮቴ ውስጥ አንድ የላስቲክ ክላሴር አወጣሁ። የምስክር ወረቀቴ። ሚስቴ ግድግዳ ላይ ልስቀለው ስትል እንግዳ ያየዋል ብዬ ከፍራሽ ሥር የደበቅኩት። የጎልማሶች የማታ ትምህርት፣ ፊደል መለየት፣ ጀማሪ፣ ከመስከረም ጀምሮ። ሥራ አስኪያጇ ፊት አኖርኩት።

"ያ ወረቀት የነሐሴ ነው። ይሄ የመስከረም። በነሐሴ እኔ ስሜን እንኳን ወረቀት ላይ ባየው አላውቀውም ነበር። የልብስ ነው ያልኳት ከራሴ ፈጥሬ ነው። ዋሸኋት።"

የሳቀ አልነበረም። ሥራ አስኪያጇ ሁለቱን ወረቀት እያፈራረቀች አየች።

"ዮናስ፣ ታዲያ ለሴትየዋ ማን አነበበላት?"

"ምስክሩ..."

"ምስክሩ አልችልም ነበር እያሉ ነው።"

"እኔ በምን አውቃለሁ?"

ያን ጊዜ አፌ ተመለሰልኝ። "አንተስ አፍ የለህም? አንብቤዋለሁ፣ የልብስ ነው ስላት ፊት ለፊቴ አልነበርክም? ማስጠንቀቂያውን ከልብስ መረከቢያ ጋር ቀላቅሎ ያቀረበው ማን ነው?" ሰብለ ኮቴን ጎተተችኝ። ኮቱ ተቀደደ። ይቀደድ!

ውሳኔው ሰኞ ተባለ።

ውጭ እቴነሽን ተከተልኳት። እስከ ታክሲ ሰልፉ ድረስ አላየችኝም። ከዚያ፦

"አለማንበብ ነውር አይደለም። እኔም አላነብም። አንብቤዋለሁ ባትለኝ ግን ወስጄ ለልጄ አሳያት ነበር።"

ታክሲው መጣ። ገባች። እኔ የተቀደደ ኮቴን ይዤ ተመለስኩ።

ቅዳሜ

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገብቷል። ካንቲን ወንበሬ ላይ ጋዜጣ ተገልብጦ ተቀምጦልኛል። አንዱ ወጥ ቤት ሆኖ "ጋሽ ደምሴ፣ ሃው አር ዩ!" ይላል። ሰብለ ደግሞ "ያለ ውኃ የሚበላ ወረቀት ነበረ መሰለኝ" አለች። "ሚጥሚጣ ይምጣልኝ" አልኳት። በመጨረሻ ትንሽ ሳቀች።

ጋዜጣውን አቃናሁትና ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አንድ ረጅም ቃል ላይ ተሰናከልኩ፣ ተመለስኩ፣ አለፍኩት። ሳቁ እየቀነሰ ሄደ።

ከዚያ ዕቃ አጣቢዋ ቀረብ ብላ በጆሮዬ፣ "ጋሼ፣ እኔም ያን ቀን የልብስ ነው ብዬ የጫንኩት ወረቀት አለ። ምን እንደሚል አላውቅም።" እሷ ሄደች፣ አትክልተኛው መጣ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። አራት ሰው! ደሜ ፈላ። ስማቸውን በእጄ ጽፌ ለሰብለ ሰጠኋት። የዛሬው ሁለት ሰዓት አልፈጀብኝም።

ሰኞ

ደብዳቤው ወጣ። ማስጠንቀቂያው ስላልተነበበላት እንዳልተሰጠ ይቆጠራል፣ እቴነሽ ወደ ሥራዋ ትመለስ። ስለ ዮናስ አንድ ቃል የለበትም። ጠዋት ሽቶው ኮሪደሩን ሞልቶት ነበር። አራቱን ስም ግን ሰብለ አስገብታለች፤ ከእሱ ጋር ገና አልጨረስንም።

ደብዳቤውን ለመቀበል እቴነሽ መጫን አለባት። ከደረጃው ሥር ያለችው ቢሯችን ገባች። ወረቀቱን ሰጠችኝ። "አንብብ።" አነበብኩ። ጣቷን እያንዳንዱ ቃል ላይ እያሳረፈች "ይሄስ? ይሄስ?" አለችኝ። አላለበኝም ብል ውሸት ነው። ጨረስኩ። ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና ለሰብለ ሰጠቻት። "አንቺ ደግሞ አንብቢልኝ።" ሰብለ አነበበች። ቃል በቃል አንድ ነበር።

"ልክ ነው" አለችና ጫነች። እኔን አላየችኝም።

ላውንደሪ ወረድን። አንሶላው ከማድረቂያው ወጥቶ ተከምሯል። ወገቧን አሰረች፣ አንዱን ሳበች፣ ሁለቱን ጫፍ ያዘች። ብቻዋን ልታጥፈው ነው ብዬ ወደ ማሽኑ ዞርኩ። ድምፅ የለም። ስዞር ሌሎቹን ሁለት ጫፎች ወደ እኔ ዘርግታ ቆማለች። ፊቷ አልተፈታም።

ያዝኩ።

"ጠበቅ አድርገህ" አለች።