የይበልጣል እንቅርት

ለማትጠገቢዋ እናቴ፣

የሳንባ ምች አንቺን ከነጠቀን ወዲህ አምስተኛው ክረምት ገባ፤ የምነግርሽም በዝቷል። ሉማሜ ያለው ሻይ ቤትሽ አልተዘጋም። ልጅሽ ይበልጣል ይዞታል። ግድግዳውን እንደ በቆሎ ማሳ አረንጓዴ ቀብቶታል፤ ብታዪው መጀመሪያ ትቆጪ፣ ቀጥለሽ ትስቂ ነበር። እኔ ደብረ ማርቆስ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ምርምርም ጀምሬያለሁ።

አውቶቡስ ሲቆም ተሳፋሪው ሳይወርድ ሻዩን ቀድተሽ ትጠብቂ ነበር። አረፍ በይ ስንልሽ «ልቤ ቀድማኝ እየሮጠች እንዴት ልቀመጥ?» ትዪን ነበር። እንቅርትሽንማ ሁላችንም አዮዲን በሌለው ጨው እናሳብብ ነበር።

አምና ይበልጣልንም እንዳንቺ አደረገው። አንገቱ አበጠ፣ ልቡ ድው ድው ይል ጀመር። ሐኪሙ ደሙን ቢያስመረምር የእንቅርት ዕጢው ሆርሞን ሞልቶ ተገኘ። መቀነሻ ኪኒን ተሰጠው፤ እብጠቱ ጭራሽ ባሰበት። በመጨረሻ ዕጢው ተቆርጦ እንዲወጣ ቀጠሮ ተያዘ፤ ያውም ከደብረ ኤልያስ ልጅ ጋር የሠርግ ቀን ቆርጦ ሳለ። «አንገቴን ታርጄ ልሞሸር?» እያለ ቢቀልድም ፈርቶ ነበር። እኔም ፈራሁ።

ሥራዬ እንዲህ ነው። ሆርሞን ሥራውን የሚሠራው ሴል ውስጥ ያለ ተቀባይ ፕሮቲን ሲይዘው ነው። በየአገሩ ሕመምተኞች ላይ የተገኙ የዘረመል ለውጦችን ከመረጃ ቋት አወጣና፣ እያንዳንዱ በተቀባዩ ቅርጽ ላይ የት እንደሚያርፍ በኮምፒውተር አያለሁ። የለውጡ ስም ብቻውን የማይነግረኝን ቦታው ይነግረኛል። እናም የሁለታችሁ ሕመም መመሳሰል አጠራጥሮኝ ሐኪሙን ለምኜ የይበልጣል ደም አዲስ አበባ ለዘረመል ምርመራ ተላከ። በተቀባዩ ዘረመል ላይ አንዲት ፊደል ተለውጣለች ተባለ፤ ቋቱ ውስጥ ብፈልጋት ግን የለችም። ክው አልኩ። ቅርጹ ላይ ሳስቀምጣት ሆርሞኑ የሚገባበት ጉድጓድ ጠርዝ ላይ አረፈች፤ ዙሪያዋን የታወቁት ለውጦች ከበዋታል። ተቀባዩ ሆርሞኑን አጥብቆ አይዝም ማለት ነው፤ ሰውነቱም ያንን ለማካካስ አብዝቶ ያመርታል፤ ዕጢውም ከሥራ ብዛት ያብጣል። ልብ ግን በአብዛኛው የሚጠቀመው በሌላ ዓይነት ተቀባይ ስለሆነ ትርፉ ያስሮጠዋል። እማዬ፣ አንቺም እንዲሁ ሳትሆኚ አልቀረሽም!

ለሐኪሙ ያሳየሁት ምስል ብቻውን አልበቃውም፤ ተጨማሪ ምርመራ አዘዘ፣ አዲስ አበባ ያሉ ባልደረቦቹንም አማከረ። ከዚያ ደወለልኝ። «ቀዶ ጥገናው ቀርቷል። ብንቆርጠው ኖሮ ሰውነቱ የሚያካክስበትን ነበር የምንወስድበት» አለኝ። የመጀመሪያው ኪኒን ቆመ፤ አሁን ልቡን የሚያረጋጋ ብቻ ይወስዳል።

ሠርጉ ጥር ላይ ሆነ። ፎቶ አንሺው እንቅርቱን በኮምፒውተር ላጥፋልህ ቢለው፣ ይበልጣል «ተው! የእናቴ ርስት ነው፤ አንዲት ጥማድ እንዳትነካብኝ!» ብሎ ድንኳኑን በሳቅ አናጋው። ሙሽሪት ቬሏ እስኪወድቅ ሳቀች። እኔ እያለቀስኩ ሳቅሁ።

በይበልጣል ፈቃድ ለውጧን ቋቱ ውስጥ አስመዝግበናታል። እዚያ የሰው ስም አይጻፍም፤ ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው። በሩቅ አገር የሚያያት ሁሉ ከማን እንደመጣች አያውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ። ምስሏን ለተማሪዎቼ በከፈትኩ ቁጥር፣ ትምህርቱን ከመጀመሬ በፊት፣ በልቤ «እማዬ፣ እንደምን አደርሽ» እልሻለሁ። ዕድሜ እስከሰጠኝ ድረስ ይህን አላስታጉልም።

ልጅሽ ሙሉ